ወደ ፊት የሚወድቀው ይማም

ይማም መሞቱን የነገረችኝ ፀጉሯን እያጠብኩላት የነበረች ደንበኛዬ ናት። አንገቷን ገንዳው ላይ አጋድማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «ያ ፊልም የሠራው ሰውዬ ሞተ አሉ፤ ትናንት ቀበሩት» አለችኝ።

«የቱ?» አልኳት፣ የቱ እንደሆነ እያወቅሁ።

«ይማም ነዋ! ያ ፀጉረ መልካሙ። ሆዱን አመመኝ ብሎ ሳይውል ሳያድር ነው አሉ።»

ሻምፑውን አለቅልቄ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገባኋትና ቀጣይዋን ተቀበልኩ። እስኪመሽ ሠራሁ። በማግስቱ ከሮቢት ወረድ ብሎ ወዳለው መንደራቸው ሄጄ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ «አላህ ይዘንለት» ሲሉ «አሜን» አልኩ፤ ዱዓው ሲደረግ አጎነበስኩ። አላለቀስኩም። ሰው ሲሞት የሚሰማ ነገር አለ፤ እኔን ግን ጥርሷን ልትነቀል ድዷን በመርፌ እንዳደነዘዟት ሴት አደረገኝ። እየነካሁት አይሰማኝም። ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ይህን የምጽፈውም ምናልባት ይለቀኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

«ያ ፊልም የሠራው» ሲሉት ይማም የፊልም ሰው እንዳይመስላችሁ። ማሽላ አራሽ ነው፤ ጥቂት ግመሎች ነበሩት። ፊልም የሠራው አንዴ ብቻ፣ ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ካሜራ መከራየት የቻለ ሁሉ ዳይሬክተር ነኝ በሚልበት ጊዜ ነው። ያኔ ከደሴ አንድ ሱራፌል የሚባል ወጣት መጣ። የመሣሪያ ኮንትሮባንድ፣ ማሳደድ፣ መተኳኮስ ያለበት «ልብ አንጠልጣይ» ፊልም ሊሠራ ነው። የፊልሙ ስም ቀረጻው ሳያልቅ ሦስቴ ስለተቀየረ ቆቦ ውስጥ ሁላችንም በቃ «ፊልሙ» ነበር የምንለው። ታሪኩ ቀላል ነው፤ የኮንትሮባንዲስቶቹ አለቃ የአንድ ወጣትን ወንድም ይገድላል፤ ወጣቱ ሲያሳድደው ቆይቶ መጨረሻ ላይ ወንዝ ውስጥ አግኝቶ ይገድለዋል። አለቀ።

እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ቆቦ የመጣሁት በትዳር ነው። የሴቶች ፀጉር ቤት ስለነበረኝ «ሜካፕ አንቺ ነሽ» ተባልኩ። ሙሽራ ማስዋብ እንጂ ሰው ማቁሰል አላውቅም ብል ማን ይስማኝ! እየሞከርኩ ተማርኩት። ማር፣ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ለማጥቆሪያ ቆንጠር አድርጎ የቡና ዱቄት። በካሜራ ሲያዩት ከደም አይለይም። ችግሩ ማር መሆኑ ነው። በዚያ ሙቀት ሟቹ ገና «አክሽን» ሳይባል ዝንቡ ይወረዋል፣ ሞቶ ተጋድሞም እጁን እያወናጨፈ ዝንብ ሲያባርር ስንቱን ቀረጻ አበላሽቶብናል።

ይማምን ለአለቃነት ያጨው መልኩ ነው። ረጅም፣ ጠይም፣ ጥርሱ የተደረደረ፣ ፀጉሩን በቅቤ አርሶ ሚዶ የሚሰካበት። መልከ መልካምነቱን ሰው እስኪነግረው የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ራሱ ይነግራችኋል። አይሱዙ ቆሞ ካየ ዞር ብሎ ስፖኪዮው ላይ ራሱን ሳያይ አያልፍም። ሹፌሮቹ ስለሚያውቁት መስታወቱን ወደ ላይ ያጥፉበታል፤ እሱ ደግሞ ያስተካክልና፣ ካየ በኋላ፣ «አላህ ሲያድል!» ብሎ ይሄዳል።

ትወናው ግን እንጨት ነበር። ሦስት ቃል ስጡት፣ ሁለቱን ይረሳል፣ አንዱን ይጮኸዋል። ሱራፌል ተስፋ ቆርጦ ሊቀይረው ሲል ነው መውደቅ እንደሚችል የታወቀው። የወንዙ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ «እዚህ ጋ ነው የምንሸራተተው?» ሲል ሳይጠብቁት ራሱን ለቀቀ። ተንከባሎ ታች አሸዋው ላይ ደረሰ፣ ተነስቶ ልብሱን አራገፈ፣ ወደ ላይ አንጋጦ «ፊቴ ታየ?» አለ። ካሜራው እንኳ አልተከፈተም ነበር።

ከዚያ ወዲያ መውደቅ ያለበት ሁሉ የእሱ ሆነ። የሌሎቹንም ሽፍቶች ሻሽ ጠምጥሞ የሚወድቅላቸው እሱ ነው። ከግመል ወደቀ። ከሚሄድ አይሱዙ ላይ የማሽላ አገዳ ክምር ላይ ወደቀ፤ አገዳው ክንዱን ተልትሎት ደሙ እየወረደ መጀመሪያ የጠየቀው «ፊቴ ታየ?» ነው። ሱራፌል «የለም፣ የሌላ ሰው ሆነህ እኮ ነው የወደቅኸው፤ ፊትህ መታየት የለበትም» ሲለው የምር አዘነ።

በእኔም ያላግጥብኛል። «አንች ሴትዮ፣ ሙሽራ ስታስጊጭ እጅሽ ይፈጥናል አሉ፤ እኔን ስትገይ ምነው ተጎተትሽ?» ይለኛል ደረቱን ገልጦ ቆሞ። ያን ሰሞን ባለቤቴ ወደ ጅቡቲ ከሄደ ድምፁ ጠፍቶብኝ ነበር። ለማንም አላወራሁም፤ ቆቦ ግን ሳይወራለት የሚቀር ነገር የለም። ይማም አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ብቻ ቀብቼው ስጨርስ፣ ሲሄድ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር «አብሽሪ» ይለኛል። ወሎ ሁሉ የሚለው ቃል ነው፤ የታመመውንም ያዘነውንም አብሽር ይሉታል። ከእሱ ስሰማው ግን ለእኔ ብቻ የተባለ ይመስለኝ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ስለ አወዳደቅ ተከራከሩ። ይማም በጥይት ሲመታ ሁሌ ወደ ፊት፣ በደረቱ ነው የሚደፋው። ሱራፌል ተናደደ። «ከፊት ነው እኮ የተተኮሰብህ! ጥይት ይገፋል፣ ወደ ኋላ ነው የምትወድቀው። ፊልም አይተህ አታውቅም?»

«ወደ ፊት ነው» አለ ይማም።

«በምን አወቅህ?»

ጥበቃ ይሆኑ ዘንድ አብረውን የሚውሉት ሚሊሻ፣ ጋሽ አራጋው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ውሃ የያዘ አለ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ውሃ ፍለጋ ተነሳ። ሱራፌል ፊልም ያየውን ያህል ስለ ይማም የሚያውቀው ነገር ቢኖር አይጠይቅም ነበር።

እኔ ያወቅሁት ቆቦ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ የቤት አከራዬ እትዬ ዘሀራ በር ዘግተው በሹክሹክታ ነገሩኝ። ይማም በጎረምሳነቱ ሰው ገድሏል። ዝናብ ከደጋ ሲጥል ደረቁ ወንዝ በጎርፍ ይሞላል፤ ያን ጎርፍ ነው ወደ ማሳ እየጠለፉ የሚያርሱት። በጎርፉ ተጣሉ፣ ይማም ተኮሰ፣ የሰፈሩ ልጅ ወደቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሽማግሌ ገባ፤ ጉማ ይሉታል የደም ካሣውን፣ እሱም ተከፈለ፤ እርድ ታረደ፣ ሁለቱም ወገን ማለ፣ ደሙ ደረቀ። ከተማለ በኋላ ደግሞ ያን ነገር በአፉ ያነሳ፣ በቁጣም ይሁን በጨዋታ፣ ደሙን እንደ አዲስ እንዳፈሰሰው ነው የሚቆጠረው። ሰፈር ያስተላልቃል። እትዬ ዘሀራ ነግረውኝ ሲያበቁ ክንዴን ያዙና «እኔ አልነገርሁሽ፣ አንች አልሰማሽ» አሉኝ።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሰይድ ይባላል። ከይማም ጋር በአንድ ሠርግ ይበላሉ፣ በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ። ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ «ደህና ነህ ወይ፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው» ተባብለው ሲያበቁ ግን ሌላ ወሬ የላቸውም።

ወደ ቀረጻው መጨረሻ፣ ዋናውን ወጣት የሚሠራው የደሴ ልጅ በወባ ወደቀ። ፊቱን ቀድመው ስለቀረጹት ከእሱ የቀረው ይማምን ሲገድለው ከጀርባ የሚታይበት ብቻ ነበር። ቦታው ጎሊና ወንዝ ውስጥ፣ በበጋ ደረቅ አሸዋ የሆነበት ነው። ለአጃቢ ሽፍትነት መሣሪያ ያላቸው የአካባቢው ሰዎች ተጠርተው ዳር ዳር ቆመዋል። ሰይድም መጥቷል። ለምን እንደመጣ አላውቅም፤ የጠራው የለም። ጠመንጃውን አንግቶ፣ ዝናሩን ታጥቆ፣ ራቅ ብሎ አንድ ግራር ሥር ቆሟል።

ሱራፌል ሰዎቹን አንድ በአንድ አየና ጣቱን ቀሰረ። «አንተ፣ ባለ ዝናሩ! እስቲ ዙር! ቁመቱም ትከሻውም ቁርጥ እሱን! አንተ ነህ የምትሠራልኝ።»

ሰይድ ቀረበ። «ምን አርግ ነው ምትለኝ?»

«ምንም አይከብድም። ጠመንጃውን ታነሳለህ፣ ታነጣጥራለህ፣ ቃታውን ትስባለህ፣ እሱ ይወድቃል። ሌላ ነገር አታስብ። ያ የቆመው ሰው ወንድምህን የገደለብህ ነው፤ እሱን ብቻ አስብ።»

እንዲህ አለው። እግዜር ያሳያችሁ፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለው።

እዚያ የቆመው የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድም ሰው ለሱራፌል «ተው» ብሎ ሊያስረዳው አይችልም፤ ማስረዳት ማለት ማንሳት ነው። ጋሽ አራጋው «ፀሐዩ በረታሳ፣ ነገ ብናደርገውስ?» አሉ። የአይሱዙው ሹፌር ጎማ ተንፍሶብኛል አለ፤ ጎማው ድንጋይ ሆኖ እየታየ። እኔም የምለው ሲጠፋኝ «ደሙ አልቆብኛል» አልኩ።

«እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለ ሱራፌል። ጠርሙሱ እስከ አፉ ሙሉ ነበር።

ይማም ሸሚዙን ከፍቶ ወደ እኔ መጣ። «ቀቢኝ» አለ።

ደረቱን ስቀባ ጣቴ ሥር ልቡ ሲመታ ይሰማኛል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ይማም፣ ተው» አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ። ምን ልበለው? ጣቴን ጠርሙሱ ውስጥ ነከርኩ። «ደህና አርገሽ ቀቢኝ። ባዶ ብረት ነው። አብሽሪ።»

ጋሽ አራጋው ጠመንጃውን ተቀብለው ፈተሹ፣ የጎረሰውን ጥይት አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። ዝናሩ ግን «ለምስሉ ያምራል» ተብሎ ሰይድ ወገብ ላይ ቀረ። ሙሉ ነበር። እኔ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያየሁት ሰውም ካሜራም አይደለም፤ የሰይድን ቀኝ እጅ ነው። ወደ ዝናሩ ይወርዳል፣ አይወርድም። አንድ ጥይት ለማጉረስ ምን ያህል ይፈጃል? ዓይን ካርገበገቡ ያልቃል።

ሽማግሌዎቹ ሲያስምሏቸው መሣሪያ እንዳይማዘዙ አስምለዋቸዋል። ፊልም የሚባል ነገር ግን በሐሳባቸው አልነበረም። ስለ ባዶ ጠመንጃ የተባለ ነገር የለም።

«አክሽን!» ተባለ። ሰይድ ቀስ ብሎ አነሳ። ቃታው ቀጭ አለ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁላችንም ሰማነው። ይማም ወደ ፊት በደረቱ ተደፋ። ሱራፌል እንደ ልጅ ዘለለ። «አበደ! ለጥንቃቄ አንዴ ይደገም።» ደገሙት። «በቃ፣ ይዘናል» አለ ሱራፌል።

«ድገመው» አለ ሰይድ።

ሱራፌል በደስታ ሊሞት ደረሰ። «አያችሁ? ተዋናይ ማለት ይሄ ነው!» አለን።

ደገሙት። ሰይድ እንደገና «ድገመው» አለ። እንደገና። ይማም ይወድቃል፣ ይነሳል፣ አሸዋውን ያራግፋል፣ ወደ እኔ ይመጣል፣ እቀባዋለሁ፣ ተመልሶ ምልክቱ ላይ ይቆማል። «ፊቴ ታየ?» የሚለውን ነገር ያን ቀን አንዴም አልጠየቀም። ጉልበቱና ክርኑ ተላልጦ የራሱ ደም ከእኔ ማር ጋር ተቀላቀለ፤ ዝንቡ ከሁለቱም ላይ አልነሳ አለ። እኔ መቀባቴን እንጂ ማንን እንደምቀባ ማሰብ ተውኩ። እንደዚያ ቀን ደንዝዤ አላውቅም፤ መፍራት እንኳ ደከመኝ።

በመጨረሻ ካሜራ የያዘው ልጅ «ባትሪ አለቀ» ሲል ሁላችንም ባንዴ ተነፈስን።

ፊልሙ ወጥቶ ቆቦ ቪዲዮ ቤት ሲታይ ያችን ቦታ የመጀመሪያውን ቀረጻ ተጠቅመውባት ነበር። ሌላው ሌላው ላይ እያፏጨና እየጮኸ ያየው ሕዝብ እዚያ ሲደርስ ፀጥ ይላል። ከደሴ ከእነ ሱራፌል ጋር የመጣ ሰው «ቁምነገሩ ገብቷቸዋል» እያለ ያወራ ነበር። ይማም ግን አንድ ቀን እንኳ ሊያየው አልገባም። ያ ሁሉ የመልኩ ነገር፣ ያ ሁሉ «ፊቴ ታየ?» የት ሄደ? ስጠይቀው «ግመል የሚጠብቅልኝ የለም» አለኝ።

የወንዙ ውስጥ ውሎ ግን በባትሪው ማለቅ አላበቃም። ካሜራው ታሸገ፣ ሱራፌል አይሱዙው ጋ ሄዶ ስለ ነገ ያወራል። እኔ ጠርሙሴን እየከደንኩ ቀና ስል ሰይድ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«አንዴ» አለ። ለሱራፌል አልነበረም።

ይማም ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ሲያብስ ነበር። ጨርቁን ጣለና ተነሳ። ሄዶ ቦታው ላይ ቆመ። ያን ጊዜ የሰይድ እጅ ወደ ዝናሩ ወረደ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ሰይድ ማሠሪያውን ፈታ። ዝናሩን ከነጥይቱ ከወገቡ አወጣና ለቅርቡ ሰው፣ ለእኔ፣ ሰጠኝ። ከባድ ነው። በሁለት እጄ ታቅፌው ቆምኩ።

«አክሽን» ያለ የለም። ሰይድ ጠመንጃውን አነሳ። ይማም ሸሽቶ አያውቅም፤ ያኔም አልሸሸም፣ ዓይኑንም አልጨፈነም። ሰይድ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀጭ። ይማም ወደ ፊት ተደፋ፤ ፊቱ አሸዋው ውስጥ ገባ፤ አልተነሳም። ሰይድ ሄዶ አጠገቡ ቁጭ አለ፤ ጠመንጃውን አሸዋው ላይ አስቀመጠ። እኔ ከነዝናሩ እዚያው ነኝ።

«ወጣልህ?» አለ ይማም፣ ቀና ሳይል።

ሰይድ እፍኝ አሸዋ አንስቶ በጣቶቹ መሃል ሲያፈስ ቆየ። «አልወጣልኝም» አለ።

ይማም ተገላብጦ ተቀመጠ። ከአፉ አሸዋ ተፋ። ከዚያ እኔን ይለኝ በነበረው ድምፅ «አብሽር» አለው። «ነገም አለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ የሚሆነውን ክፍል ለመቅረጽ ከቆቦ ወደ ሮቢት ሄድን። ይማም በዚያ ክፍል ስለሌለበት አልተጠራም። አይሱዙው የጎሊናን ድልድይ ሲጀምር ሱራፌል ከጋቢናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ወደ ታች ተመለከተ። ታች አሸዋው ላይ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ጠመንጃ ይዟል። ሌላው ከወደቀበት እየተነሳ ልብሱን ያራግፋል።

«እንዴ! ያ ይማም አይደለም እንዴ?» አለ ሱራፌል። «ካሜራ በሌለበት ምን እየሠሩ ነው?»

ጋሽ አራጋው መንገዱን ተመለከቱ። እኔም መንገዱን አየሁ። ሹፌሩ ማርሽ ቀየረና ድልድዩን አለፍን።